ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው?

ማንበብ የቻለ ሰው ለልጆቹ ታሪክ ማንበቡ አይቀርም። ልጆች ታሪክ ሲሰሙ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን «ይህን የሚነግረን ማን ነው?» ብለው መጠየቅንም ሊለምዱ ይገባል።

ታሪኩን የሚነግረው ተራኪ ይባላል። ነገሩን የሚያይበት ወገን የትረካ አንጻር ይባላል። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እስቲ አንድ ታሪክ በሦስት መንገድ እንስማ።

ሀ. ፍየሏ ጓሮ ገባች። ጎመኑን በላች። ባለጓሮዋ በዱላ አባረረቻት።

ለ. በጣም ርቦኝ ነበር። አጥሩ ክፍት ስለሆነ ገባሁና ጎመን በላሁ። ሴትዮዋን ምን እንዳስቆጣት እንጃ፤ በዱላ አባረረችኝ።

ሐ. ለልጆቼ እራት ያሰብኩትን ጎመን ፍየል በላችብኝ። በዱላ አባረርኳት።

ድርጊቱ አንድ ነው። በመጀመሪያው ተራኪው ከውጭ ቆሞ ያያል። በሁለተኛው ፍየሏ፣ በሦስተኛው ባለጓሮዋ ትናገራለች። ሁለተኛውን የሰማ ልጅ ለፍየሏ ያዝናል፤ ሦስተኛውን የሰማ ለባለጓሮዋ።

ቋንቋችን ለዚህ ትምህርት ይረዳል። ተራኪው «እኔ» ባይልም የግሡ መጨረሻ ይናገርበታል። «ገባች» ካለ ስለ ሌላ ነው፤ «ገባሁ» ካለ ስለ ራሱ ነው። «በላች» እና «በላችብኝ» የሚሉትንም አስተያዩ። «ብኝ» የምትለዋ ትንሽ ቅጥያ የተጎዳው ተናጋሪው ራሱ መሆኑን ታሳያለች።

ልጆችን የሚያሳስት ነገርም አለ። «ልጅቷ ነገ እመጣለሁ አለች» ስንል የምትመጣው ልጅቷ እንጂ ተራኪው አይደለም። ስለዚህ «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ» የሚሉትን ሲሰሙ ንግግሩ የማን እንደሆነ ጠይቋቸው። የባለታሪኩን ንግግር ድምፅ ለወጥ አድርጎ ማንበብም ይጠቅማል።

ደራሲ፣ አንባቢና ባለታሪክም የተለያዩ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በሬዲዮ ያነበበው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በዛብህ ሲናገር ድምፁ የወጋየሁ ነው፤ ንግግሩ ግን የበዛብህ ነው። የመጽሐፉ ተራኪ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የብዙዎችን ልብ የሚያውቅ ነው።

ለልጆች ስታስተምሩ እንዲህ አድርጉ።

1. አጭር ተረት አንብቡላቸው።

2. ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ይናገራል? የማንን ሐሳብ ያውቃል? የማያውቀውስ ምንድን ነው?

3. ልጁ ተረቱን በሌላ ባለታሪክ አፍ ይንገር። ፍየሏን ሆኖ ሳለ «ፍየሏ ገባች» ካለ አትቆጡት። «አሁን አንተ ማን ነህ?» በሉት፤ ራሱ «ገባሁ» ብሎ ያርማል።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁለት ልጆች ተጣልተው አንዱ እያለቀሰ ሲመጣ የሚነግረን እሱ ያየውን ነው። ማመልከቻም ሆነ ደብዳቤ የሚጻፈው ከአንድ ወገን ነው። ይህ ማለት ተናጋሪው ይዋሻል ማለት አይደለም። ፍየሏም ባለጓሮዋም አልዋሹም። ፍየሏ ግን ስለ ልጆቹ እራት አታውቅም፤ ባለጓሮዋም የፍየሏን ረሃብ አታውቅም። የአንዱን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ሳያስበው ሌላውን ይበድላል። ልጅ ይህን በተረት ከተማረ፣ አድጎ በሰው ጉዳይ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም።

ጥያቄዎች

1. «ወንድሜ ዳቦዬን ወሰደብኝ» በሚለው ውስጥ የተጎዳው ማን ነው? በምን አወቃችሁ?

2. «አባቴ ነገ ገበያ እሄዳለሁ አለ» ሲባል የሚሄደው ማን ነው?

3. አጥሩን ክፍት የተወው ልጅ የፍየሏን ታሪክ ቢናገር ምን ይል ነበር? በአምስት መስመር ጻፉ።