የቤተሰብ ስምን በእንግሊዝ የአካባቢ ታሪክ መዛግብት መከተል፦ «ሳይክስ» እንደ ምሳሌ

በአባትና በአያት ስም መጠራትን ለለመደ አጥኚ፣ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም የዘር ሐረግን በቀጥታ የሚያሳይ ሊመስል ይችላል። ስሙ ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚተላለፍ፣ አንድ ስም የያዙ ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ብሎ መገመት ይቀላል። ይህ ግን በመዛግብት ሊፈተን የሚገባው መላ ምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይክስ የሚለው ስም በምዕራብ ዮርክሻየር፣ በተለይም በሀደርስፊልድ አካባቢ በብዛት ይገኛል። መነሻው በሰሜን እንግሊዝ ቀበልኛ ትንሽ ጅረትን ወይም ቦይን የሚያመለክት ቃል ነው። ጅረት በየመንደሩ ስላለ፣ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ስሙን በየቦታው ለየብቻ እንዳገኙት ሲታሰብ ቆይቷል። በ2000 ብራያን ሳይክስና ካትሪን ኢርቨን ያሳተሙት የዘረ መል ጥናት ይህን ግምት አናወጠ። ከተመረመሩት 48 የስሙ ባለቤት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ አንድ ዓይነት የዋይ ክሮሞዞም መለያ ተገኘባቸው፤ ጸሐፊዎቹም ስሙ ከአንድ አባት መነጨ ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ። የቀሩትስ? ከጋብቻ ውጭ መወለድ፣ ጉዲፈቻ ወይም ስምን በእናት በኩል መውረስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለተኛ መነሻ መኖሩም በዘረ መል ብቻ ውድቅ አይሆንም። በእያንዳንዱ ቤተሰብ የሆነውን ለይቶ ለመናገር የአካባቢውን መዝገብ መግለጥ ግድ ይላል።

ፍለጋው ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይሄዳል። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በጁላይ 1837 ነው። ከ1851 ወዲህ ያለው የሕዝብ ቆጠራ የትውልድ ቦታን ስለሚጠቅስ አጥኚውን ወደ ተፈላጊው ደብር ይመራዋል። በ1841 ቆጠራ ግን ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ዕድሜ ባብዛኛው ወደ ታች በአምስት ብዜት ተጠጋግቷል።

ከ1837 በፊት ዋናው ምንጭ ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ያዘዘው የደብር የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ነው። ጀማሪዎችን እጅግ የሚያሳስተው የዓመቱ አቆጣጠር ነው። እስከ 1751 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በጁን 1650 የተጋቡ ባልና ሚስት ልጃቸውን በፌብሩዋሪ 1650 እንዳስጠመቁ ቢጻፍ፣ ጥምቀቱ ከጋብቻው ስምንት ወር በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ዓመቱን በመስከረም ለሚቀይር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የተቋረጡ መዝገቦችን ክፍተት ከ1662 እስከ 1689 የተሰበሰበው የምድጃ ግብር ዝርዝርና የኑዛዜ ሰነዶች በከፊል ይሞሉታል።

ከ1538 ወደ ኋላ ሲኬድ ጥምቀት የለም፤ መሬት ግን አለ። ከ1274 ጀምሮ የሚገኙት የዌክፊልድ የጉልት ችሎት ጥቅልሎች ባለይዞታ ሲሞት ወራሹ ከፍሎ ይዞታውን መረከቡን ይመዘግባሉ። ስምን ከስም የሚያያይዘው ይህ የይዞታ ሽግግር እንጂ የስሞቹ መመሳሰል ብቻ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን «የጅረቱ ዮሐንስ» የሚል ጽሑፍ የመኖሪያ መግለጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጁ ጅረቱን ትቶ በሌላ መንደር ከኖረ በኋላም በዚያው ስም ተመዝግቦ ሲገኝ፣ ስሙ የቤተሰብ ስም ሆኗል ለማለት ይቻላል።