ዝም የሚለውን የነርሲንግ ተማሪ ማናገር

ጥያቄ፦ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነርሲንግ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት አራት ተማሪዎች ናቸው። የቀሩትን በስልካቸው ማሳተፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ አዲስ መተግበሪያም አያስፈልግም። ቴሌግራም ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው የምርጫ ጥያቄ ማዘጋጃ አለው። ተማሪው ስሙ ሳይታይ ይመልሳል፤ ትክክል ይሁን አይሁን ወዲያው ያያል። ዓይን አፋሩን የሚያደፋፍረው ይህ ነው።

ዋናው ግን ጥያቄው ነው። ለምሳሌ፦ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዟል፤ ማስገቢያው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሁን? መልሱ 42 ገደማ ነው። ከአማራጮቹ አንዱ 125 ይሁን፤ እሱን የመረጠ ተማሪ በሰዓት የሚገባውን ሚሊ ሊትር ከጠብታ ቁጥር ጋር አምታቷል። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት ነገ ታካሚን ይጎዳል፤ ስለዚህ መምህሯ ብዙዎች የሳቱትን አይታ ያንኑ ሰሌዳ ላይ ታስረዳ።

ጥያቄው ከሳምንት በኋላ ቁጥሩ ተቀይሮ ይመለስ። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኙ።

ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ ከጓደኛው ጋር ተማክሮ ይመልስ። መርፌ መውጋት በስልክ አይለመድም፤ የሠርቶ ማሳያው ሰዓት አይቀነስ። የታካሚ ስምም ሆነ ፎቶ ደግሞ በምንም ምክንያት ወደ ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አይግባ።