ታሪክን ያቆየ ደብዳቤ
የጥናት ምንባብ፦ መዝሙር 78፥1-7

በዛሬው ትምህርታችን የአሜሪካ ባፕቲስቶች ታሪክ እንዴት ከመጥፋት እንደ ዳነ እንመለከታለን።

በ18ኛው መቶ ዘመን በኒው ኢንግላንድ በሕግ ከታወቀው ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ብዙ ምእመናን እንኳ ለዚያ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ደመወዝ ግብር እንዲከፍሉ ይገደዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1752 በኖርዊች፣ ኮኔቲከት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ባከስ የተባሉ መበለት ይህን ግብር አልከፍልም በማለታቸው ዝናብ በሚጥልበት ጨለማ ሌሊት ወደ ወኅኒ ተወሰዱ። 13 ቀን ታስረው ከተፈቱ በኋላ የደረሰባቸውን ሁሉ ለልጃቸው ለአይዛክ ጻፉለት።

አይዛክ ባከስ በ1756 በሚድልቦሮ፣ ማሳቹሴትስ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። የእናቱንም ደብዳቤ አልጣለውም። የአብያተ ክርስቲያናትን መዝገብና የመንግሥት ሰነዶችን ሰብስቦ፣ ከ1777 እስከ 1796 በ3 ቅጽ ባሳተመው የባፕቲስቶች ታሪክ ውስጥ ደብዳቤውን አስገባው።

ሁሉም ግን እንዲህ ያለ ጸሐፊ አላገኙም። በሲልቨር ብላፍ፣ ሳውዝ ካሮላይና በባርነት የነበሩ ጥቁሮች ስላቋቋሙት ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ያወቅነው፣ ከመካከላቸው አንዱ የነበረው ዴቪድ ጆርጅ የተረከው ምስክርነት በ1790ዎቹ ለንደን ውስጥ ስለ ታተመ ነው። እርሱ ባይናገር ኖሮ ምን ያህሉ በጠፋ ነበር!

እንግዲህ ታሪክን የሚያቆዩት ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። የሚናገር፣ የሚጽፍና ወረቀቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

ለውይይት፦
1. ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ባይጽፉ፣ ልጃቸውም ባይጠብቅ ምን እናጣ ነበር?
2. በጉባኤያችን ካሉት አረጋውያን የማንን ምስክርነት አስቀድመን እንጻፍ?