የበረዶ አፈጣጠርና የሰብል ጉዳት ግምገማ

በክረምት የሚጥል በረዶ በደጋና በወይና ደጋ ሰብልን ከሚያወድሙ አደጋዎች አንዱ ነው። በፀሐይ የሞቀ እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ ሲወጣ ጫፉ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል የነጎድጓድ ደመና ይፈጠራል። በውስጡ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቀዝቅዘው ገና ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች በበረዶው ፍሬ ላይ እየተጣበቁ ያሳድጉታል፤ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ሊሸከመው ሲሳነው ይወርዳል። ደጋው ለቀዝቃዛው አየር ቅርብ ስለሆነ ፍሬው ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል።

በረዶው የሚጥልበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ጠባብ በመሆኑ አንዱ ማሳ ሲወድም ጎረቤቱ ሊተርፍ ይችላል። ስለሆነም የወረዳው ዝናብ በቂ መሆኑ ብቻ ችግረኛ የለም አያሰኝም፤ የጉዳቱ ግምገማ በየማሳው ሊካሄድ ይገባል። በቡቃያነቱ የተመታ ሰብል ሊያገግም ወይም በሽምብራና በጓያ ሊተካ ይችላል፤ ካሸተ በኋላ ከተመታ ግን የዓመቱ ቀለብ ጠፋ ማለት ነው።