ጌጥና ፍሬን

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ወደ አባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚወርድ አሽከርካሪ ሕይወቱን ለፍሬኑ አደራ ይሰጣል።

በዲስክ ፍሬን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ፣ ካሊፐር የሚባለው ክፍል በፍሬን ዘይት ግፊት ሁለቱን ሸራዎች ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቃቸዋል። ከሰበቃውም ብርቱ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱን አየር ካልወሰደው ዘይቱ ሊፈላና እንፋሎት ሊቋጥር ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም ፍሬኑ አይዝም።

አንዳንድ ባለመኪናዎች በቸርኬው ክፍተት የሚታየውን ካሊፐር ማስጌጥ ይወዳሉ። ለዚህም ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙቀት የሚችል ቀለም መቀባት ነው። ቀቢው አስቀድሞ ዝገቱንና ቅባቱን ያጸዳል፤ ዲስኩን፣ ሸራውን፣ የላስቲክ ክፍሎቹንና የአየር ማስወጫውን ቡሎን ቀለም እንዳይነካቸው ይሸፍናል። ተራ ቀለም ግን በሙቀቱ ይጠቁራል፤ ይላጣልም። ሁለተኛው መንገድ በካሊፐሩ ላይ ሽፋን መግጠም ነው። ይህ ሥራው ቀላል ቢሆንም፣ ሽፋኑ አየር ሊከለክል፣ ሲላላም ከቸርኬው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ስለዚህ አስተዋይ ባለመኪና በመጀመሪያ የሸራውን ውፍረትና የዘይቱን ሁኔታ ያስመረምራል፤ ቀለም የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሸራው ባለቀ ፍሬን ላይ የተቀባ ቀይ ቀለም፣ ቁልቁለት ሲመጣ፣ ከጅብ የማያስጥል የአህያ ባል ነው።

ጥያቄዎች
1. ተራ ቀለም ለካሊፐር የማይስማማው ለምንድን ነው?
2. «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ አስረዱ።