ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት፦ ካታንጋ፣ ጥላ ፎቅ ወይስ ቪአይፒ?

የአዲስ አበባ ስታዲየም ደንበኛ «የት ሆነህ አየህ?» ሲባል «ስታዲየም» ብሎ አይመልስም። «ካታንጋ» ይላል፤ አለዚያም «ሚስማር ተራ»፣ «ከማን አንሼ»፣ «ዳፍ ትራክ»፣ «ጥላ ፎቅ»። ካታንጋ ወታደሮቻችን በ1950ዎቹ ለሰላም ማስከበር የዘመቱባት የኮንጎ ምድር ስም ናት። «ከማን አንሼ» የሚለውን ማብራራት አያስፈልግም። እነዚህ ስሞች ከሕዝብ አፍ የወጡ ናቸው፤ ስሙን የሰማ ሰው ፀሐይ ይመታው እንደሆነ፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥም ያውቃል። ዛሬ ትኬት ላይ የሚታተሙት «ቪአይፒ»፣ «ቪቪአይፒ» እና «መደበኛ» ግን ማዕረግ እንጂ ቦታ አይናገሩም። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ ብለን እንለምንዎታለን።

መጀመሪያ ስለ ፀሐይ ይጠይቁ። ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ጀርባውን ለምዕራብ የሰጠ ተመልካች ጥላ ያገኛል፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረው ኳሷ ከፍ ባለች ቁጥር እጁን ግንባሩ ላይ ይጋርዳል። «ጥላ ፎቅ» የሚለው ስም የሚከበረው ለዚህ ነው። ስፔን ውስጥ የበሬ ፍልሚያ ትኬት «ፀሐይ» እና «ጥላ» ተብሎ ተለይቶ ይሸጣል፤ የጥላው ይወደዳል። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ «ብሊቸር» ማለት መደገፊያ፣ ብዙ ጊዜም ጣሪያ የሌለው ረጅም አግዳሚ መሆኑን ይወቁ። ቃሉ የመጣው ፀሐይ ካነጣው ጣውላ ነው። እዚያ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ወደሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል ሕፃን ይዘው ሲሄዱ ኮፍያና ውሃ አይርሱ።

ቀጥሎ፣ ወንበር አለ ወይ? ጥያቄው ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እኔ ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ይዤ አንድ ኮንሰርት ሄጄ ነበር። ትኬቱ «ቪአይፒ» ይላል፤ የተሸጠልን ግን ከመድረኩ ፊት ለፊት መቆሚያ ነበር። ከሁለት ዘፈን በኋላ ተመለስን። እሷ «አይዞህ ልጄ» ስትለኝ የተሰማኝ ኀዘን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ወንበር አለ ከተባለም ቁጥር አለው ወይስ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚቀመጠው? ቁጥር ከሌለው ቤተሰብ ይዞ አርፍዶ መድረስ ተበታትኖ መቀመጥ ነው።

ነገሩ ከምቾትም ያልፋል። ካፍ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ ቁጥር ያለው የተናጠል ወንበር ነው፤ ኮንክሪት ደረጃ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ መቀመጥ አይቆጠርም። ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን ስላላሟሉ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን አስተናግደው 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «ሜዳችን» የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ያችኑ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው ግን አዲስ አበባ ላይ፣ በሕዝባችን ፊት ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ጎረቤትዎንም ይወቁ። በሸገር ደርቢ ቀን የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች ተለያይተው ይቀመጣሉ። ከሰው በስጦታ ያገኙት ትኬት የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳያጣሩ ልጅዎን የቡናን ቡናማና ቢጫ ስካርፍ አያልብሱት፤ ምስኪኑ ጨዋታውን ትቶ ዙሪያውን ሲያይ ይውላል። ዘፈንና ጭብጨባ ለሚወድ ካታንጋን የሚያህል የለም። ተቀምጠው፣ አሰላለፉን እያስተዋሉ ማየት ከፈለጉ ግን ፊት ለፊትዎ ሰው የማይቆምበትን ቦታ ይምረጡ።

ስለ መውጫው አጭር ነገር፦ እንደተቀመጡ ቅርብ የሆነውን በር በዓይንዎ ይፈልጉ፤ ለልጆችዎም ያሳዩ።

አንድ ነገር ቀረ። በታደሱና በአዳዲስ ስታዲየሞች ትኬቱ የሚናገረው በበር፣ በረድፍና በወንበር ቁጥር ነው። ጓደኛዎን «ካታንጋ እንገናኝ» ብለው ሲቀጥሩ የበሩን ቁጥር ጨምረው ይንገሩት፤ ካታንጋ የሚለው ስም በሩ ላይ አልተጻፈም።