አምስቱ ባይቶች

ናይሮቢ ያለ ሰርቨር ከአንድ ስልክ ለመጣለት ጥያቄ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜው የሚያልቀው የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን መጠየቅ ብዙም ፋይዳ አልነበረውም። የባሕር ሥር የፋይበር ገመድ ሞምባሳ አልደረሰም፤ ከኬንያ ወደ ውጭ የሚወጣው ኢንተርኔት በአመዛኙ በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ጉዞው ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ግማሽ ሰከንድ መንገድ ላይ እየቀረ በማሽኑ ውስጥ የባከነች ማይክሮ ሰከንድ ፍለጋ የሚወጣ ሰው የለም። በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት ገመዶች ሞምባሳ ገቡ፤ በ2015 ደግሞ በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፈው የኤምፔሳ አገልግሎት ሰርቨሮች ከጀርመን ወደ ኬንያ ተዛወሩ። መንገዱ ባጠረ ቁጥር ማሽኑ ራሱ የሚያባክነው ጊዜ ጎልቶ መታየት ጀመረ። ወደ ውስጥ ገብቶ ማየት ግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ውስጥ ያለው ከርነሉ ነው፤ ሃርድዌሩን የሚያዘው፣ ሜሞሪውንና ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው የስርዓተ ክወናው እምብርት። የሊኑክስ ከርነል ፈንክሽን የሚባሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኮድ ክፍሎች አሉት፤ ሥራው የሚሄደው አንዱ ሌላውን እየጠራ ነው። ፓኬት ሲደርስ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ይቀበልና ለአይፒው ክፍል ያስረክባል፤ አይፒው ለቲሲፒው ያቀብላል፤ ቲሲፒው ሲጠብቅ የቆየውን ፕሮግራም ይቀሰቅሳል። የዘገየው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቆየው ዘዴ ኮዱ ውስጥ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል መስመር መጨመር፣ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ማድረግና ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ነበር። ደመወዝ በገባበት ዓርብ ማታ፣ ሰው ሁሉ ገንዘብ በሚልክበት ሰዓት፣ ለዚህ ሲባል ሰርቨር ይጥፋ የሚል ኃላፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከድሮ ጀምሮ አንድ አማራጭ ነበረው። አማራጩ ሲበራ በየፈንክሽኑ መግቢያ ላይ ኤምካውንት ወደሚባል መዝጋቢ የሚደረግ ጥሪ ይተክላል። ከርነሉ በዚህ አማራጭ ከተሠራ እያንዳንዱ ፈንክሽን ሥራ ከመጀመሩ በፊት መዝጋቢውን ይጠራል ማለት ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። መዝጋቢው አንዳች ሳይጽፍ ወዲያው ቢመለስ እንኳ ማሽኑ በ13 ከመቶ ገደማ እንደሚዘገይ የከርነሉን መከታተያ ሥራ የሚመራው ስቲቨን ሮስቴት ለክቶ አሳይቷል። በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ መሣሪያ በየቀኑ 13 ከመቶ የሚከፍል ስለሌለ፣ ከርነሉን አዘጋጅተው የሚያከፋፍሉት ድርጅቶች ነገሩን አውጥተው ይጥሉታል። ያን ጊዜ ችግር በተፈጠረበት ማሽን ላይ መሣሪያው አይኖርም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁልጊዜ ያለ፣ ካልተፈለገ ግን ምንም የማያስወጣ መከታተያ እንዴት ይሠራል?

የተገኘው መልስ ከርነሉ የራሱን ኮድ እንዲያርም ማድረግ ነው። መሣሪያው ኤፍትሬስ ይባላል፤ በጥቅምት 2008 ከወጣው ከ2.6.27 እትም ጀምሮ የሊኑክስ አካል ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ አንድ የጥሪ ትእዛዝ አምስት ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው ባይት 232 ሲሆን «ጥራ» ማለት ነው፤ ቀጣዮቹ አራቱ የሚጠራው ፈንክሽን ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራሉ። በሌላ በኩል አምስት ባይት ሙሉ የሚይዝ፣ ግን ምንም የማያደርግ ትእዛዝ አለ፦ 15፣ 31፣ 68፣ 0፣ 0። ፕሮሰሰሩ አንብቦት ያልፋል፤ ወጪውም ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ በየፈንክሽኑ መግቢያ የተተከለውን ጥሪ ሁሉ በዚህ ባዶ ትእዛዝ ይተካዋል። መከታተል የፈለገ ሰው ሲመጣ፣ የተፈለጉት ፈንክሽኖች ብቻ ጥሪያቸው ይመለስላቸዋል።

ጥሪዎቹ የት የት እንዳሉ ግን ማን ያውቃል? የመጀመሪያው ንድፍ ለዚህ የሰጠው መልስ ለጊዜው ብልህ ይመስል ነበር። አንድ ፈንክሽን መጀመሪያ ሲጠራ መዝጋቢው የጠሪውን አድራሻ በዝርዝር ይይዛል፤ በየሰከንዱ የሚነቃ ሠራተኛ ደግሞ ዝርዝሩን እያየ ጥሪዎቹን ወደ ባዶ ይለውጣል። በመስከረም 2008 ገና በሙከራ ላይ የነበረውን 2.6.27 የጫኑ ሰዎች የኢንቴል ኔትወርክ ካርዳቸው እየሞተ መሆኑን ማሳወቅ ጀመሩ። የተበላሸው ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር የሚሠራው ካርድ ነበር፤ በካርዱ ቋሚ ሜሞሪ ላይ የተጻፈው መረጃ እየተበላሸ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳትም አያድነውም ነበር። ጣት የተቀሰረው ድራይቨሩ ላይ ነበር፤ ያም ይጠበቃል።

ጥፋቱ ግን የኤፍትሬስ ነበር። ድራይቨር ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ የሚያበቃ የማስጀመሪያ ኮድ አለው፤ ያ ኮድ ሲጨርስ ከርነሉ ሜሞሪውን ይለቅቀዋል። አድራሻው ግን በዝርዝሩ ላይ ቀርቷል። የተለቀቀው ቦታ ዞሮ የኔትወርክ ካርዱ ቋሚ ሜሞሪ የሚታይበት መስኮት ሆነ። በየሰከንዱ የሚነቃው ሠራተኛ መጥቶ «እዚህ ጥሪ አለ? ካለ ለውጠው» የሚለውን አነጻጽሮ የመለወጥ ትእዛዝ ፈጸመ። ጥሪ አላገኘምና ምንም መለወጥ አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ይህ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ባይገጥምለትም ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። ተራ ሜሞሪ ላይ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ በካርድ ላይ ግን መጻፍ ማለት ማዘዝ ነው። የ2.6.27 የመጀመሪያው እርማት የወጣው ይህን ክፍል ለመዝጋት ነው።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ከርነሉ ሥራ ላይ እያለ መሆኑ ቀረ። ከርነሉ ኮምፓይል ሲደረግ አንድ መሣሪያ የጥሪዎቹን አድራሻ ሁሉ ለቅሞ በአንድ ሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ የማስጀመሪያ ኮድ ሲለቀቅ አድራሻዎቹም አብረው ይሰረዛሉ። ከመጻፉ በፊትም በቦታው ያለው ይነበባል፤ ከሚጠበቁት አምስት ባይቶች አንዱ እንኳ ከተለየ ኤፍትሬስ አቤቱታውን መዝግቦ ራሱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። መከታተያ ቢጠፋ ማንም አይሞትም፤ በግምት የጻፈ ከርነል ግን ካርድ ይገድላል።

ቀጣዩ ችግር ኮሮቹ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን ትእዛዝ የሚፈጽሙት ክፍሎች፣ ብዙ መሆናቸው ነው። ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው ኮር አንድ ብቻ ስለሆነ ባሻው ይጽፋል። በኋላ ግን አንዱ ኮር አምስቱን ባይት ሲለውጥ ሌላው እዚያው ትእዛዝ ላይ ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ባይት 232 ሆኖ ቀሪዎቹ አራቱ የድሮዎቹ ናቸው እንበል፦ 232፣ 31፣ 68፣ 0፣ 0። ለፕሮሰሰሩ ይህ የተሟላ ትእዛዝ ነው፤ ከቀጣዩ ትእዛዝ 17,439 ባይት ወደፊት ያለውን ፈንክሽን ጥራ ይለዋል። እዚያ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት የሌላ ፈንክሽን ወገብ ነው። ማሽኑ በዚያው ይወድቃል።

በመጀመሪያ ዓመታት ይህን ለማስቀረት ኮሮቹ ሁሉ እንዲቆሙ ይደረግ ነበር። ይሠራል፤ ግን መዘግየትን የሚፈልግ መሣሪያ ራሱ ማሽኑን ያዘገያል። በ2012 የመጣው ዘዴ ማንንም አያስቆምም። 204 የሚል የአንድ ባይት ትእዛዝ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ሲያገኘው ሥራውን አቋርጦ ወደ ከርነሉ ተቆጣጣሪ ይዞራል። መጀመሪያ የፊተኛው ባይት ብቻ 204 ይሆናል፤ ኮሮቹ ሁሉ ይህን ማየታቸው ይረጋገጣል። ከዚያ የኋላዎቹ አራቱ ይለወጣሉ፤ አሁንም ይረጋገጣል። በመጨረሻ 204 በ232 ይተካል። መሀል ላይ የደረሰ ኮር ካለ ተቆጣጣሪው አምስቱን ባይት አሻግሮ ያሳልፈዋል። ከሞያሌ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ጎማ ከመፍታቱ በፊት ከኋላው አስፋልቱ ላይ ቅጠል እንደሚጥለው ነው፤ መንገዱ አይዘጋም፤ የሚመጣው ግን አይቶ ዞር ይላል።

ባለሙያው ጋ ሲደርስ ይህ ሁሉ ፋይል ላይ እንደ መጻፍ ይቀላል። መከታተያው የራሱ ማኅደር አለው። በማጣሪያው ፋይል ላይ የፈንክሽኑን ስም፣ ለምሳሌ ቲሲፒ መልእክት የሚልክበትን፣ ይጽፋል፤ በሌላ ፋይል ላይ የጥሪ ሥዕል የሚያወጣውን መከታተያ ይመርጣል፤ ውጤቱን ከሦስተኛው ያነባል። ይህኛው መከታተያ የፈንክሽኑን መመለሻ አድራሻ ለጊዜው በራሱ አድራሻ ስለሚተካ መግቢያውንም መውጫውንም ያያል፤ ስለዚህ የፈጀውን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ ይጽፋል። ከ10 ማይክሮ ሰከንድ ካለፈ የመደመር ምልክት፣ ከ100 ካለፈ ቃለ አጋኖ ያስቀድምለታል። ልምድ ያለው ሰው ቁጥሩን አያነብም፤ ገጹን ወደ ታች እየሮጠ ቃለ አጋኖ ይፈልጋል።

በኪስ ያለው አንድሮይድ ስልክም ሊኑክስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አርም ነው። በ64 ቢቱ አርም ላይ ሁሉም ትእዛዝ አራት ባይት ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ጥሪን በባዶ ትእዛዝ፣ ባዶውን በጥሪ መተካትንም ፕሮሰሰሩ ይፈቅዳል። የ204 ጣጣ የለበትም።

መግቢያው ላይ ጥሪ መትከል ከተቻለ፣ ከጥሪው ሲመለሱ ወደ ሌላ ፈንክሽን መሄድስ? በሚያዝያ 2015 የወጣው ሊኑክስ 4.0 ይህን ይዞ መጣ። የደኅንነት ቀዳዳ ያለበት ፈንክሽን ሲጠራ ኤፍትሬስ ሥራውን ወደታረመው ቅጂ ይመራዋል፤ ሰርቨሩም ሳይጠፋ ይጠገናል። ግን ከ2012 ጀምሮ ያለችግር የሠራው ዘዴ እዚህ ጋ ጎደለው። እንዲህ የተጠገነውን ፈንክሽን ሌላ ሰው ደግሞ መከታተል ሲጀምር ባይቶቹ እንደገና ይለወጣሉ፤ በዚያች ቅጽበት የደረሰ ኮር አምስቱን ባይት ዘሎ ያልፋል። ለመከታተል ብቻ ቢሆን አንድ መዝገብ ጎደለ፣ አለቀ። አሁን ግን ጥሪውን የዘለለ ኮር የሚገባው ቀዳዳው ወዳለበት አሮጌ ፈንክሽን ነው። በ2019 የ204 ተቆጣጣሪው ተሻሻለ፤ መሀል ላይ የደረሰውን ኮር አሻግሮ በማሳለፍ ፋንታ ጥሪው ሊያደርግ የነበረውን ራሱ ያደርግለታል፦ መመለሻውን አድራሻ ስታክ በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ላይ ያስቀምጥና ወደሚጠራው ፈንክሽን ይልከዋል።